ወንበር አማና ነው፤ አማና ደግሞ ቀን አለው
(ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለመስጂዱ ጀመዐ የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ፣ «ኡስታዝ፣ መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ ብለን ጮኸናል። ከተመረጡ በኋላስ መቼ ነው የሚወርዱት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱን ከሩቅ አገር እጀምርና ወደ ቤታችን እመለሳለሁ።

በአሜሪካ አንድ ሰው ለፕሬዝዳንትነት ከ2 ጊዜ በላይ አይመረጥም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1951 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገብቷል። ኮንግረስ ለሚባለው ምክር ቤታቸው አባላት ግን ገደብ የለም። ጆን ዲንግል የተባሉ የሚሺጋን ተወካይ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 2015፣ 59 ዓመት ተቀምጠዋል። ብዙ ዐረብ ሙስሊሞች የሚኖሩባት ዲርቦርን ከተማም በእሳቸው ትወከል ነበር። ከእሳቸው በፊት ወንበሩ የአባታቸው ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የባለቤታቸው ሆነ። ሰውየው ክፉ ነበሩ አላልኩም፤ ሕዝቡ ደጋግሞ መርጧቸዋል። ነገር ግን አንድ ወንበር በአንድ ቤት ይህን ያህል ሲቆይ ሰው «የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ጠያቂዎችም ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአርካንሳስ ግዛት ሕዝብ በድምፁ ገደብ ደነገገ። እንዲህ ያደረጉ ግዛቶች 23 ደረሱ። በ1995 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ «ግዛቶች በራሳቸው ይህን ማድረግ አይችሉም፤ መንገዱ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነው» ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት የማሻሻያ ሐሳብ ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ 227 ደግፈው 204 ተቃወሙ። ብዙዎቹ ቢደግፉም የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ወደቀ። በገዛ ወንበሩ ጉዳይ ራሱ ዳኛ የሆነ ሰው ለመፍረድ ይከብደዋል።

ግዛቶቹ ግን ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 5 ሌላ በር ትቶላቸዋል። ከ50ዎቹ ግዛቶች 34ቱ ከጠየቁ የማሻሻያ ጉባኤ ይጠራል፤ የተወሰነውም 38 ግዛቶች ሲያጸድቁት ሕግ ይሆናል። ፍሎሪዳ በ2016 ለዚሁ ጉዳይ ጥያቄዋን አቀረበች፤ አላባማና ሚዙሪ በ2018 ተከተሉ። 34ቱ ገና አልሞሉም። የሚቃወሙትም ባዶ ቃል አይናገሩም። «ገደቡ ልምድ ያለውንና ቅኑን ሰው ጭምር ያስወጣል» ይላሉ። ደጋፊዎቹ ግን ከምክር ቤት ምክር ቤት እየሄዱ በትዕግሥት በሩን ያንኳኳሉ።

የእኛም አገር ሕገ መንግሥት ፕሬዝዳንቱን ከ2 ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይገድባል፤ የተወካዮች ምክር ቤት አባላትን ግን አይገድብም። በአንቀጽ 104 መሠረት ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ከደገፉት የማሻሻያ ሐሳብ ለውይይት ይቀርባል። በሩ መኖሩን ማወቅ ለዜጋ ሁሉ ይጠቅማል።

ወደ ዲናችን እንምጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሹመት አማና መሆኑን፣ ሐቁን ላልተወጣ ሰው የቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን (ረ.ዐ.) የሚያህል ጀግና ከጦር አዛዥነት አንሥተዋል። ሰዎች ድሉን ከአላህ ሳይሆን ከኻሊድ እንዳይጠብቁ ሰግተው ነበር። ኻሊድስ ምን አደረገ? አኩርፎ አልሄደም፤ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ሥር ሆኖ መታገሉን ቀጠለ። መውረድ ውርደት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ያስተምረናል?

ወንድሞችና እህቶች፣

በ2004 ከአወሊያ የተነሣው ድምፃችን፣ «የመጅሊስ ምርጫ በመስጂድ ይሁን» ብሎ ነበር። በ2005 ምርጫው በቀበሌ ተደረገ። ያን ጊዜ የከፈልነውን እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለይ፦ የጊዜ ገደብ የነጻ ምርጫ ምትክ አይደለም። ምርጫው የእኛ ካልሆነ ገደቡ ፊት ይቀይራል እንጂ ወንበሩን ለባለቤቱ አይመልስም። ምርጫው የእኛ ሆኖ ገደብ ከሌለው ደግሞ፣ ዛሬ ያለቀስንለት ሰው ነገ የምናለቅስበት ይሆናል።

አሁን መራራውን ልናገር። መጅሊሱን «ውረድ» ስንል፣ በየመስጂዳችን ያሉት ኮሚቴዎች ስንት ዓመት ተቀምጠዋል? እኔ ራሴ የመድረሳችን ኮሚቴ ጸሐፊ ከሆንኩ 11 ዓመት አለፈኝ። ማንም «እስከ መቼ?» አላለኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ያ ልጅ ሲጠይቀኝ ስለ መጅሊሱ ነበር የጠየቀኝ፤ ያፈርኩት ግን በራሴ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንስማማ። አንደኛ፣ በየመስጂዱና በየመድረሳው መተዳደሪያ ደንብ ላይ የአገልግሎት ዘመኑ በቁጥር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሚወርደው ኮሚቴ ሒሳቡን በጀመዐው ፊት አንብቦ ያስረክብ። ሦስተኛ፣ የወረደው ሰው እንደ ኻሊድ ከሰልፉ አይውጣ፤ ለተተኪው ያወቀውን ያሳውቅ። ይህን ከታች ከሠራን፣ ላይ ያሉትን ስንጠይቅ ድምፃችን ይሰማል።

እኔ ኢንሻአላህ ከረመዷን በኋላ ማኅተሙንና መዝገቡን በዚሁ ቦታ፣ በፊታችሁ አስረክባለሁ። ከወጣቶቹ ተተኪ ምረጡ፤ ሴቶቻችንም ድምፃቸውን ይስጡ።

አላህ አማናን ከሚወጡት ያድርገን። የሚወርድ ትሑት፣ የሚተካ ታማኝ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።