ቀድሞ መምታት

እሱ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 5 ቀን 1967 እስራኤል የግብፅን አየር ኃይል ገና መሬት ላይ እንዳለ አወደመች። ቀድሞ መምታት ማለት ይሄ ነው። የአሜሪካው ቡሽስ በ2003 ኢራቅን ሲወሩ ከዚህ የተለየ ምን አደረጉ?

እሷ፦ ቆይ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትጨፍልቃቸው! የግብፁ መሪ ናስር ጦሩን ሲና አስገብቶ፣ የተመድን ሰላም አስከባሪ አስወጥቶ፣ የቲራንን ሰርጥ ዘግቶ ነበር። የኢራቁ ሳዳም ማንን ሊወጋ ተሰልፎ ነበር?

እሱ፦ የ2002ቱ የአሜሪካ የደህንነት ስትራቴጂ እኮ አደጋው በር ላይ እስኪደርስ አንጠብቅም ነው ያለው። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ማን ይጠብቃል?

እሷ፦ የማይጠብቅ ሰው መረጃው መጥራት አለበት። የተመድ የጦር መሣሪያ ፈታሾች ተጨማሪ ወራት ስጡን እያሉ ነው ጦርነቱ የተከፈተው። አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው ቡድን ከወረራው በኋላ ቢፈልግ አለ የተባለውን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት አጣው።

እሱ፦ ዋይት ሀውስ ያወጣው የጦርነቱ ደጋፊዎች ዝርዝር ላይ ደግሞ ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩ። እርስ በርስ ከተዋጉበት የባድመ ጦርነት ማግስት!

እሷ፦ (እየሳቀች) ቡሽ አስማምተዋቸው ነበር በለኛ።

እሱ፦ ግን አንቺ የምትከላከዪው 1967ም አከራካሪ ነው። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሜናኽም ቤጊን በ1982 ባደረጉት ንግግር፣ የሲናው ጦር ክምችት ናስር በእርግጥ ሊያጠቃ ለመሆኑ ማረጋገጫ አልነበረም፤ ለመምታት የወሰንነው እኛ ነን ብለዋል።

እሷ፦ ብለዋል። ቢያንስ ጦሩ በዓይን ይታይ ነበር።