ካቡና የወንዙ ዳር
በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች ስለ ማገናኘት የቀረበ ንግግር



በደብረ ታቦር አካባቢ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ አገሩ ሁሉ የታረሰ ሜዳ ሆኖ በመካከሉ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይታዩታል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ምእመናን ዛፉን እንደ ቤተ መቅደሱ ልብስ ስለሚቈጥሩት ወይራውም፣ ጥዱም፣ ዝግባውም በዚያ ተጠልሎ ቈይቷል። በአካባቢው የተረፈው የጥንት ደን በአመዛኙ ይኸው ነው።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች መርምረው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። ከእነዚህ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። ይሁን እንጂ ከብት እየገባ ችግኙን ይግጠዋል፤ ይረግጠዋል። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ፤ ይኸውም የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ የሚቈይ አለመሆኑ ነው። እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች በኋላ መሬቱ ራሱ ይተካታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። መለዋወጫ የሌለው ሞተር እንደ ማለት ነው።

ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው የደገፉት መፍትሔ የድንጋይ ካብ ነው። ገበሬው ማሳውን ሲያጸዳ የሚለቅመው ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ይደረደራል፤ ማሳውም ለማረሻ ይመቻል፤ ከብቱም ይታገዳል። ካቡ ያለ ሲሚንቶ በደረቁ መሠራቱ በድህነት ብቻ የተመረጠ እንዳይመስል ያስፈልጋል። በድንጋዮቹ መካከል ውኃ ይሰርጋል፤ ትንንሽ እንስሳትም ያልፋሉ። በሲሚንቶ ቢታሰር ኖሮ ሁለቱም በተከለከሉ፣ በክረምት የሚጠራቀመው ጎርፍም ግንቡን በገፋው ነበር።

ነገር ግን ካብ ይጠብቃል እንጂ አያገናኝም። በጥቂት ሄክታር ላይ የተወሰኑ ዛፎች እርስ በርሳቸው ብቻ ሲዳቀሉ ዘራቸው እየደከመ መሄዱ አይቀርም። የወይራን ፍሬ የሚያደርሱ ወፎች አሉ፤ ሆኖም በራቁት ማሳ ላይ የወደቀ ፍሬ ቢበቅልም ወይ ማረሻ ይገለብጠዋል ወይ ከብት ይግጠዋል።

መሐንዲሱ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። አንዱን አጸድ ከሌላው ጋር ለማገናኘት የተሻለው መሥመር በካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው ቀጥተኛ መሥመር ሳይሆን የወንዙ ዳር ነው። ዳሩ ብዙ ጊዜ ተሸርሽሮ ቦረቦር ስለ ሆነ ለእርሻ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ እርጥበት ግን አለው። በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይና የጭራሮ ክትር ሲሠራ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ከፍታ ሊኖረው ይገባል፤ ጐንና ጐኑም በዳርቻው ውስጥ በሚገባ መቀበር አለበት። ይህ ከተዘነጋ ውኃው ክትሩን በጐን ዞሮ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ክረምት ሳያልፍም ድንጋዩ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ደለሉ ሲያዝ ሣሩ ይቀድማል፤ ቍጥቋጦው ይከተላል፤ ዘር በራሱ በማይደርስበት ቦታ ብቻ ከአጸዱ የተለቀመ ዘር ተፈልቶ ይተከላል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ስለሚያድግ ለሪፖርት ይመች ይሆናል፤ ለዚህ መሥመር ግን አይመረጥም።

አስቸጋሪው ስሌት ሌላ ነው። ወርዱ 20 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር የሆነ መሥመር 4 ሄክታር ይይዛል። ይህ መሬት በፕላን ላይ ባዶ ቢመስልም የብዙ ቤተሰብ የከብት መሰማሪያ ነው። ግጦሹን ተከልክሎ ምትክ ያላገኘ ገበሬ አጥሩን በሌሊት ቢከፍት ሊፈረድበት አይገባም። ከብቱ ውጭ ቈይቶ ሣሩ እየታጨደ የሚወሰድበት ስምምነት ከክትሩ ግንባታ መቅደም አለበት፤ በፕላኑም ላይ ከከፍታ መሥመሮቹ ጎን የትኛው ቤተሰብ ከየትኛው ድንበር እስከ የትኛው ድንበር እንደሚያጭድ ይጻፍ።