የሞተራችን ካምቢዮ ይከፈት ወይስ ሞተሩ ይሸጥ?

(በዱርቤቴ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብነው ስለ ሞተራችን ለመወሰን ነው። ሁላችንም እንደምናውቀው ሦስተኛ ማርሽ ይተፋል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲደርስ ራሱን ያስለቅቃል። በርበሬና ሽሯችንን ወደ መራዊና ወደ ዳንግላ የሚያደርስልን ይኸው ሞተር ነው። በሌላ በኩል ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ በግንቦትና በሰኔ አባሎቻችን ለበቆሎ ማዳበሪያ ከሚበደሩት ሣጥን ነው የሚወጣው። ስለዚህ ነገሩ የብረት ብቻ አይደለም።

ማርሽ ለምን ይተፋል? ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይዞራሉ። ማርሽ ስንቀይር የሚያያዘው በጥርሶቹ ጎን ያለው ጉጥ ነው፤ የሚገፋውም ሹካ የሚመስል ብረት ነው። ፍሪሲዮን በደንብ ሳይያዝ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር የጉጡ ጠርዝ እየተበላ ይዶለዱማል። የዶለዶመ ጉጥ ጉልበት ሲበዛበት ተንሸራትቶ ይወጣል። ከሜዳው ይልቅ ዳገቱ ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፣ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ቀላሉ ይታይ። የፍሪሲዮን ገመዱ ልክ፣ የማርሽ መርገጫው መላላት፣ የሰንሰለቱ ውጥረት፣ የዘይቱ መጠን ይፈተሽ። ዘይቱም በንጹህ ሳህን ይቀዳ። እንደ አመድ የደቀቀ ብናኝ ቢታይ ከአገልግሎት ብዛት የሚመጣ ነው፤ በጣት የሚለቀም ስባሪ ከተገኘ ግን ከውስጥ የተሰበረ ነገር አለ።

ከመካከላችን «ሦስተኛን ትተን በሁለተኛና በአራተኛ እንንዳው» ያላችሁ አላችሁ። ሐሳቡ ገንዘብ ለመቆጠብ እንደሆነ ይገባናል። ሆኖም ከሁለተኛ ወደ አራተኛ ሲኬድ እግር በሦስተኛ ማለፉ አይቀርም። ከዚህም በላይ ሞተራችን ፎር ስትሮክ ስለሆነ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ዛሬ ከማርሹ የሚረግፈው ብረት ነገ ፒስተኑንና ኩሽኔታውን ሊበላ ይችላል። መጠበቅም ዋጋ አለው ማለት ነው። በጭቃ ዳገት ላይ ከኋላ የተፈናጠጠች እህት ብትኖር ደግሞ ዋጋው በብር አይቆጠርም።

ጉጡን በብየዳ መሙላትም አይበጅም። ማርሽ ጠንካራ እንዲሆን በእሳት የተቀጠቀለ ብረት ነው፤ የብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን ያጠፋዋል፣ የተለጠፈውም ሊረግፍ ይችላል።

ታዲያ ጥገናው ለምን ይወደዳል? ጥርሱ ትንሽ ቢሆንም ወደ እሱ ለመድረስ ሞተሩ ከሻንሲው ወርዶ ለሁለት መከፈል አለበት። የእጅ ዋጋው አንድ ማርሽም ቢቀየር አራትም ቢቀየር ብዙ አይለያይም። ስለዚህ አንዴ ከተከፈተ የተበላው ማርሽ ከነጓደኛው፣ ሹካው፣ ያረጁት ኩሽኔታዎችና ጓርኒሲዮኖች አብረው መታየት አለባቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ እንደመሆኑ ይህ እኛም ዘንድ ይደርሳል። ግን አዲስ ሞተርም በዚያው መጠን ይወደዳልና፣ መለዋወጫ ተወደደ ብለን ብቻ አሮጌውን አንጥለውም።

የኮሚቴው ሐሳብ እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ሁለት መካኒኮች ለየብቻ አይተው የእጅና የዕቃ ዋጋ ለይተው በጽሑፍ ይስጡን።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫው ተገዝቶ እጃችን ሳይገባ ሞተሩ አይከፈት። የተፈታ ሞተር በጆንያ ሆኖ ወራት ሲቀመጥ ብሎኑ ይጠፋል፣ ብረቱ ይዝጋል።

ሦስተኛ፣ ጠቅላላ ወጪው ሞተሩ ተጠግኖ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሽ በታች ከሆነ፣ ጭስና የሻንሲ ስንጥቅም ከሌለበት ይጠገን። ከዚያ ካለፈ ባለበት ሁኔታ ይሸጥ፤ ለገዢውም ሦስተኛ ማርሽ እንደሚተፋ ሳንደብቅ እንንገረው። የሰው ሐቅ ይዘን የምናሳድገው ሣጥን የለም።

አራተኛ፣ ለማዳበሪያ ብድር የተመደበው አይነካ። የጎደለው ከመዋጮ ይሞላ፤ መዋጮው ካልሞላም ሞተሩ እስከ መኸር ቆሞ ይጠብቅ፣ ዕቃችንም በሚኒባስ ይሂድ። ወጪው ይበዛል፣ ግን የማንም እርሻ ያለ ማዳበሪያ አይቀርም።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ጠይቁ፣ ተቃወሙ፣ ከዚያ እጅ አውጥተን እንወስን።