12 ሰከንድና የቢሮ አቧራ



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ የእሳት ፍተሻ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1975 የካሊፎርኒያ ግዛት «ቴክኒካል ቡለቲን 117» የተባለ መስፈርት አወጣ። ለሶፋና ለወንበር የሚውል ስፖንጅ ትንሽ ነበልባል ለ12 ሰከንድ ቢነካው እንዳይቀጣጠል ይጠይቃል። ለአንድ ግዛት ብቻ ለይቶ ማምረት ስለማያዋጣ፣ ብዙ አምራቾች በሌሎች ግዛቶች የሚሸጡትንም በዚሁ መስፈርት ሠሩ። ለስፖንጁ ፔንታ-ቢዲኢ የተባለው የብሮሚን ውህድ፣ ለኮምፒውተርና ለቴሌቪዥን ፕላስቲክ ደግሞ ዴካ-ቢዲኢ በስፋት አገለገሉ።

ችግሩ ያለው በአጨማመሩ ላይ ነው። ውህዶቹ ከስፖንጁም ሆነ ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካዊ ትስስር አልተያያዙም፤ ተቀላቅለው ብቻ ይኖራሉ። ስፖንጁ ሲፈረፈር፣ መሣሪያው ሲሞቅ፣ ቀስ በቀስ ወጥተው አቧራው ላይ ያርፋሉ። አቧራው ወደ እጅ፣ እጅም ወደ አፍ ይሄዳል። ስለ ብክለት ስናስብ ቀድመው የሚታወሱን ምግብና ውኃ ናቸው፤ በአሜሪካ ጎልማሶች ላይ የተደረጉ ስሌቶች ግን የእነዚህ ውህዶች ዋና መግቢያ የቤትና የቢሮ አቧራ መሆኑን አመልክተዋል። በ2011 የታተመ አንድ የቦስተን ጥናትም የቢሮ ሠራተኞችን እጅ ጠርጎ መረመረ። እጃቸውን አዘውትረው በሚታጠቡት ላይ የተገኘው መጠን አነስተኛ ነበር፤ በእጅ ላይ ያለው መጠንም በደም ውስጥ ካለው ጋር ተያያዥ ሆኖ ተገኝቷል።

ውህዶቹ በቅርጻቸው የታይሮይድ ሆርሞንን ይመስላሉ። በእርግዝና ወቅት ለእነሱ መጋለጥ ከሕፃናት የአእምሮ ዕድገት መቀነስ ጋር ተያይዟል፤ ይህ ዝምድና ነው፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ከፍለን ያገኘነው ጥበቃ ምን ያህል ነው? ፍተሻው የሚደረገው ባልተሸፈነ ስፖንጅ ላይ ነበር። ባልተሸፈነ ስፖንጅ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። እሳት ቀድሞ የሚያገኘው ጨርቁን ነው፤ ጨርቁ ከተቀጣጠለ በኋላ ደግሞ ነበልባሉ ፍተሻው ካሰበው እጅግ ይበልጣል። ካሊፎርኒያ በ2013 የነበልባሉን ፍተሻ አስቀርታ፣ ሽፋኑ በሲጋራ ዓይነት ጭስታ እንዳይነድ ወደሚመዝን ፍተሻ ተሸጋገረች። በእኔ ግምት ይህ እርምት ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቷል።

የስቶክሆልም ስምምነት የፔንታ-ቢዲኢን ዋና ዋና ክፍሎች በ2009፣ ዴካ-ቢዲኢን በ2017 በዝርዝሩ አስገብቷል። በምትካቸው የመጡት የፎስፎረስ ውህዶችም ዛሬ በአቧራ ውስጥ ይገኛሉ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፤ ይሁን እንጂ እገዳ ቀድሞ የተገዛውን ወንበርና አሮጌ ኮምፒውተር ከክፍሉ አያወጣም። እስኪወገዱ ድረስ የተቀደደ ስፖንጅ መሸፈን፣ በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ከምሳ በፊትም እጅን በሳሙና መታጠብ ይቻላል።