ለክረምት ዕረፍት የሚሆኑ መጻሕፍትን ስለ መምረጥ

(የንባብ ክበብ አባሎች ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከመዘጋቱ አስቀድሞ በወላጆች ቀን ያሰሙት ንግግር)



ትምህርት ቤታችን ለክረምት ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ከሐምሌ መግቢያ አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ ሁለት ወር ለሚበልጥ ጊዜ እያንዳንዳችን ወደየቀበሌያችን እንገባለን። ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ይዘጋል። ዝናቡ ከጸና፥ መንገዱ ከጨቀየ፥ ወንዙም ከሞላ በኋላ «ይህ መጽሐፍ አልጣመኝምና ይለወጥልኝ» ብሎ ወደ ቤሌ መመለስ ለብዙዎቻችን አይቻልም። ስለዚህ በሰኔ የተመረጠው መጽሐፍ እስከ ጊፋታ ድረስ ከእኛ ጋር የሚከርም እንግዳ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ይህን እንግዳ ስለ መምረጥ ነው።

እኛ የክበቡ አባሎች በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት በየተራ ስናገለግል የጓደኞቻችንን አመራረጥ ተመልክተናል። የሚበዛው ተማሪ ወፍራም የፍቅር ታሪክ ይጠይቃል፤ ያ ካለቀ ሌላ የፍቅር ታሪክ ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ ለፈተና ከሚረዳ አጋዥ መጽሐፍ በቀር ምንም አይነካም። ሦስተኛው ከፊቱ የቆመው ጓደኛው የወሰደውን ዐይቶ «ለኔም እንደሱ» ይላል። እነዚህ ሁሉ አንባቢዎች ናቸውና አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ ማንበብ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ወደ ራሳችን ጓሮ እንመለስ።

የወላይታ ገበሬ በጓሮው አንድ ተክል ብቻ አይተክልም። እንሰቱ ከቤቱ አጠገብ ይቆማል፤ ቡናው በጥላው ሥር ነው፤ ጎመኑ፥ ጎደሬው፥ ቦዬው፥ ስኳር ድንቹ እያንዳንዱ በየስፍራው ነው፤ በቆሎው ወረድ ይላል። አንዱ ሳይደርስ ሌላው ይደርሳል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ቤቱን ያሳድራል። ዝንጅብል ጥሩ ገንዘብ ያስገኝ በነበረበት ዘመን ማሳውን ሁሉ ለዝንጅብል የሰጠ ሰው በ2004 ዓ.ም. ግድም የአጠውልግ በሽታ በገባ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። የአንባቢም አእምሮ እንዲሁ ያለ ጓሮ ይመስለናል።

እንግዲህ ምን ምን ይተከል?

ልብ ወለድን አናስቀርም። እንዲያውም ክረምት የትልቅ ልብ ወለድ ጊዜ ነው፤ በትምህርት ወራት የማይደፈረውን ወፍራም መጽሐፍ የሚደፍሩት ያን ጊዜ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስንት ትውልድ እንዳነበበው ይታወቃል፤ ወጋየሁ ንጋቱም በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስላነበበው መጽሐፉን ሳያዩ ታሪኩን የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ወላጆቻችንም ከእነዚያ መካከል እንዳላችሁ እናምናለን። ለእኛ ግን ይህ መጽሐፍ ቀላል አይደለም። አብዛኞቻችን አፋችንን የፈታነው በወላይትኛ ነው፤ የጎጃም ገጠር አማርኛ፥ ይልቁንም የቤተ ክህነቱ ቃል፥ ያቆመናል። ታዲያ ያቆመንን ቃል በደብተር ጽፎ ማለፍ እንጂ መጽሐፉን መዝጋት አይገባም። ገበሬዎቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡበትን ክፍል ያነበበ ሰው ስለ ባላባትና ጭሰኛ በታሪክ ክፍል የተማረውን በሌላ ዐይን ያየዋል። ወፍራሙ የሚያስፈራው ደግሞ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይጀምር፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ፥ ማለት «ጦቢያ»፥ አጭር ነው።

ከልብ ወለዱ ቀጥሎ የሰው የሕይወት ታሪክ ይወሰድ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሟል። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የወታደር ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰው የአውሬዎችን ተረት ለቲያትር አደረጉና የመጀመሪያውን የአገራችንን ተውኔት ጻፉ፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ሆኑ፤ ጣልያን በመጣ ጊዜም በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሠራው። ለታሪክ ፈተና ብለን በቃላችን የያዝናቸው ዓመታት በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ሲርበው፥ ሲናፍቅና ሲናደድ የሚኖር ሰው ይሆናሉ።

ስለ ሩቅ አገር የተጻፈም ይፈለግ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን ጻፉ፤ ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» አሉ። ሁለቱ ቢገኙና አንዱን አንድ ተማሪ፥ ሌላውን ጎረቤቱ ቢወስድ፥ ከዚያም ተገናኝተው ቢከራከሩበት፥ አንዱ ያየውን የነገረበትን፥ ሌላው ምክንያቱን የጠየቀበትን መንገድ ያስተያያሉ።

ተውኔት ማንበብ የሚወድ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ብቻ ለብቻ ይነበባል ተብሎ ይታሰባል። የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ወይም «ጠልፎ በኪሴ» ሦስት አራት ሆነን፥ ዝናቡ ከቤት ባስቀመጠን ቀን፥ አንዱ አንዱን ሰው እየሆነ ጮክ ብለን ብናነበው ግን ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ፊደል ያልቆጠረች አያትም ከእሳቱ ዳር ሆና ትሰማለች። መጽሐፍ አንዱ ተበድሮት ቤተሰቡ ሁሉ የሚበላው ነገር ነው ማለታችን ይህ ነው።

አሁን ስለ ሳይንስ መጻሕፍት እንናገር፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንፈልጋለን። ብዙ ጓደኞቻችን የሳይንስ መጽሐፍ ለክረምት መውሰድን እንደ ቅጣት ይቈጥሩታል። የእንሰት አጠውልግን እንደ ምሳሌ እናንሣ። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ሰው እንሰቱን የሚቈርጥበት ቢላዋ ነው። ስለዚህ የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ከመንካቱ በፊት በእሳት ነበልባል ላይ ማሳለፍ፥ የታመመውንም ነቅሎ ማስወገድ ይረዳል። ይህን በሥነ ሕይወት ወይም በእርሻ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ፥ በተለይ በሐምሌ ዝናብ ከእናቱ ጋር በጓሮ ቆሞ ያነበበ ልጅ፥ ያነበበውን ወዲያው ከተክሉ ጋር ያመሳክራል። እናቱም ከልምዷ የምታውቀውንና በመጽሐፉ የሌለውን ትነግረዋለች። እንዲህ ያለ ትምህርት በክፍል ውስጥ አይገኝም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በዚህ ጊዜ «ፈተና ያለበት ልጅ ልብ ወለድና ተውኔት ምን ያደርግለታል?» እንደምትሉን እናውቃለን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረው ከ2014 ዓ.ም. ፈተና አንሥቶ፥ ከተፈተኑት መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት በዚያው ዓመት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ነበሩ። ይህን ቍጥር የሰማ ወላጅ ቢፈራ አይፈረድበትም። የእኛ መልስ ይህ ነው፤ ፈተናው የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰዓትም ተወስኖለታል። ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ካላነበበ የማይገባው ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ ሳይመልስ ሰዓቱ ያልቅበታል። ፈጥኖ ማንበብ ደግሞ የጥያቄና መልስ ስብስብ በመሸምደድ አይመጣም፤ ረዘም ያለና የሚስብ ጽሑፍ ብዙ ገጽ በማንበብ ይመጣል። አጋዥ መጽሐፉ ይወሰድ፤ ከእርሱ ጋር ግን አንድ የእንግሊዝኛ ታሪክ ይወሰድ።

ለዚህ የናይጄሪያዊውን የቺንዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» እንመክራለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 የታተመ ነው፤ ምዕራፎቹ አጫጭር፥ እንግሊዝኛውም ያልተወሳሰበ ነው። ኦኮንኮ የሚባለው ሰው ሀብቱ የሚለካው በቦዬ ጎተራው ነው። ይህን የአዲስ አበባ ተማሪ ሲያነብ ቦዬ ምን እንደሆነ መምህሩን መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል፤ የቤሌ ልጅ ግን ከጓሮው ያውቀዋል። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ የራሳችንን ጓሮ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያበረታታ ያነበበው ያውቃል።

የገዛ ቋንቋችንንም አንርሳ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ ከተሰጠባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበረ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበረ። እኛ ደግሞ ወላይትኛን የተማርነው በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያትና የልጅ ልጅ አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል ያነቡታል። የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ጕዳይ በወላይታ ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነም በ1992 ዓ.ም. ታይቷል፤ አራት ቋንቋዎችን ቀላቅለው የተዘጋጁት መጻሕፍት ሕይወት እስከ መጥፋት የደረሰ ተቃውሞ አስነሥተው በመጨረሻ ቀርተዋል። ሰው የሞተለትን ነገር አቧራ ላይ መተው ደግ አይደለም። በወላይትኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ በእያንዳንዱ ቀበሌ ይድረስ፤ ከእርሱም ጋር አንድ ባዶ ደብተር ይያዝ። ሽማግሌዎች የሚናገሩት ተረትና ምሳሌ ካልተጻፈ በምን ይነበባል?

አሁን ቍጥሩ ላይ እንምጣ፤ እስካሁን የዘረዘርነው ሰባት ስምንት ዓይነት መጽሐፍ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ለአንድ ተማሪ የሚያበድረው ሁለት ብቻ ነው። ያሰብነው ዘዴ እንዲህ ነው። በአንድ ቀበሌ ወይም በአንድ መንደር የሚኖሩ አራት ተማሪዎች አንድ ቡድን ይሁኑ፤ ወደ መስኮቱ አብረው ይምጡ፤ ስምንቱን መጻሕፍት አንዱ ከሌላው ሳይመሳሰል ተማክረው ይምረጡ። በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ በገበያ ቀን ተገናኝተው ይለዋወጡ። በዚህ መንገድ ሁለት መጽሐፍ የተበደረ ልጅ ስምንት አንብቦ ይመለሳል።

ሲመርጡም ሽፋኑን ብቻ አይመልከቱ። ከመካከል አንድ ገጽ ገልጦ ቆሞ ማንበብ ይበቃል፤ በአንዱ ገጽ ከዐሥር የሚበልጥ የማይታወቅ ቃል ካለበት ለጊዜው ይቈይ፤ አንድም ከሌለበት ደግሞ ምናልባት ቀልሎናል። መጽሐፉን ያነበበ ጓደኛ ሲገኝ «ጥሩ ነው ወይ?» አይባል፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላልና። «ምኑ ትዝ ይልሃል?» ቢባል ይሻላል። ዝም ካለ መልሱ ታውቋል።

በስልክ፥ በቴሌግራም፥ መጽሐፍ እንደሚገኝ የሚነግሩን አሉ። እውነት ነው፤ ያለው ይጠቀምበት። ነገር ግን ስልክ ሁሉም ቤት የለም፤ ቢኖርም ባትሪው ያልቃል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ከመካከላችን ማታ በኩራዝ የሚያነቡ አሉ። ወረቀት ባትሪ አይጠይቅም።

ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለን። ክረምት የአረም፥ የከብት ጥበቃና የጓሮ ሥራ ጊዜ መሆኑን እናውቃለን፤ ከሥራው ልንሸሽ አንፈልግም። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፥ ዐይን በሚያይበት ብርሃን፥ ይፈቀድልን። ይህን የምንለው ይልቁንም ስለ እኅቶቻችን ነው። ወንድ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ «እያጠና ነው» ይባላል፤ ሴት ልጅ ይዛ ስትቀመጥ ግን ውሃው፥ እንጨቱ፥ ሕፃኑ ሁሉ እርሷን ይጠራታል። በመስከረም ግን ሁለቱም ለአንድ ፈተና አንድ ክፍል ገብተው ይቀመጣሉ። የእርሷ ሰዓት እንደ እርሱ ሰዓት ይጠበቅላት።

የቀረው የአያያዝ ነገር ነው። መጽሐፉ በመንገድ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ ይወሰድ፤ በቤትም ጣራ ከሚያፈስበትና ጢስ ከሚበዛበት ርቆ ይቀመጥ፤ ገጹ አይታጠፍ፤ ለምልክት የደረቀ የእንሰት ቅጠል ክር ይበቃል። የመጻሕፍቱ ዝርዝር በየዓይነቱ ተለይቶ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። ብድሩ ከነገ ጧት ይጀመራል፤ አራት አራት ሆነው የሚመጡት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡትም በሰልፉ ፊት ይቆማሉ።