ጀርባችንና ማይክሮስኮፑ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ስለ አንድ አዲስ የምርመራ ዘዴ የማቀርብ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን በየጧቱ ከእኛ ጋር ላቦራቶሪ ገብቶ በየማታው ከእኛ ጋር ስለሚወጣ፣ በየትኛውም መዝገባችን ላይ ግን ስላልሰፈረ ነገር ለመናገር መረጥሁ። ይኸውም ከማጅራት ተነሥቶ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል የሚቀመጠው፣ ወራትን አልፎ ዓመታትን የሚቆጥረው የላይኛው ጀርባ ሕመም ነው።

ስለዚህ ሕመም የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል። ለረጅም ጊዜም ለማንም አልተናገርሁም። በእኛ ዘንድ ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ይቆጠራልና ነው። ይህ ዝምታ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል የተረዳሁት ግን በአንድ የወባ ወራት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ የወባ ተሕዋስ አልተገኘም ብሎ ለመጻፍ በወፍራሙ የደም ቅብ ላይ ቢያንስ 100 መስኮች መታየት አለባቸው። በዚያ ቀን ሥልሳ ያህል እንዳየሁ በትከሻዎቼ መካከል ያለው ቃጠሎ አላስቀምጥ አለኝና «አልተገኘም» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን አነሣሁ። ከዚያ አፍሬ ተውሁትና አጠገቤ ትሠራ የነበረችውን ባልደረባዬን «እባክሽ፣ ይህን አንቺ ጨርሽልኝ» አልኋት። እርስዋም ሰማንያውን መስክ እንዳለፈች ተሕዋሱን አገኘችው። የስላይዱ ባለቤት ሕፃን ነበር። እንግዲህ የእኔ ጀርባ የእኔ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ያን ቀን ተማርሁ።

ሕመሙ ከወዴት ይመጣል? የአዋቂ ሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀጥ ብለን ስንቀመጥ ክብደቱ በአከርካሪው ላይ ያርፋል። ወደ ማይክሮስኮፑ ስናጎነብስ ግን እንዳይወድቅ ይዘው የሚያቆዩት የማጅራትና የትከሻ ጡንቻዎች ናቸው። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ሲኮማተርና ሲላላ ደም እንደ ልብ ይመላለስበታል፤ ሳይንቀሳቀስ ለሰዓታት የተወጠረ ጡንቻ ግን የደም ዝውውሩ ይቀንስበታል፤ ይደክማል፣ ይቆጣልም። ስለዚህ የሚጎዳን ሸክም ማንሣት ብቻ አይደለም፤ አለመንቀሳቀስም ራሱ ሸክም ነው።

ሕመሙ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ይባላል። በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ነርቮቻችን ራሳቸው ንቁ ከመሆን አልፈው ድንጉጥ ይሆናሉ። ትንሹን መወጠር እንደ ትልቅ አደጋ ይቆጥሩታል። ስለዚህ የሕመሙ ብርታትና የጉዳቱ መጠን ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ይህን ስል ሕመሙ የምናብ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ባመመን ቁጥር አጥንታችን እየፈረሰ ነው ብለን በመፍራት አልጋ ላይ መዋል መድኃኒት አይሆነንም፤ ጡንቻውን ያደክማል እንጂ።

እኔን የረዱኝ ነገሮች ተራ ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ ማይክሮስኮፑን ወደ ዓይኔ አመጣሁት እንጂ ዓይኔን ወደ ማይክሮስኮፑ ማውረዱን ተውሁ። አናጺ ያበጀልኝን ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ እንጨት ከሥሩ በማድረግ መመልከቻው እስከ ዓይኔ ድረስ ከፍ አለልኝ። በርጩማዬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ፤ ክርኖቼን አሳረፍሁ፤ እግሮቼንም እንዳይንጠለጠሉ መርገጫ ሰጠኋቸው። ሁለተኛ፣ ሁለት ስላይድ ባነበብሁ ቁጥር መነሣትን ልማድ አደረግሁ። ሰዓት አልመለከትም፤ ስላይዱ ራሱ ሰዓቴ ነው። ቆሜ ሩቅ እመለከታለሁ፤ ትከሻዎቼን ወደ ኋላ ስቤ ደረቴን እከፍታለሁ፤ ጥቂት እርምጃም እሄዳለሁ። ሦስተኛ፣ ከሥራ ውጭ በእግር መሄድንና የጀርባን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴን በጥቂቱ ጀምሬ ቀስ በቀስ ጨመርሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ ጨምሮብኝ ነበር፤ ብተወው ኖሮ ጥቅሙን ባላየሁ።

ስለ ማስታገሻ ክኒንም አንድ ቃል ልጨምር። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት ሊረዱ ይችላሉ። ያለ ሐኪም ምክር ለወራት ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። የኩላሊት ምርመራ ውጤት በእጃችን የሚያልፍ እኛ ይህን መዘንጋት አይገባንም።

ከሁሉ በላይ ግን የላይኛው ጀርባ ሕመም ሁሉ የሥራ ድካም ነው ብለን እንዳንዘናጋ አደራ እላለሁ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 እ.ኤ.አ. የጻፈለትና በስሙ የሚጠራው የአከርካሪ ነቀርሳ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ይህንኑ በደረት ትይዩ ያለውን የጀርባ ክፍል ነው። ከሕመሙ ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የሰውነት መክሳት ከታየ፣ ጀርባው ከጎበጠ፣ ሌሊት እረፍት የማይሰጥ ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰው ከሆነ ሳይዘገይ መመርመር ያሻል። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። እንዲህ ያሉ ምልክቶች ያሉበትን ጀርባ ለወጌሻ መስጠትም ትልቅ አደጋ አለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና፣ የሌላውን ነቀርሳ ስንፈልግ የራሳችንን እንዳንደብቅ።

ዛሬ ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ የአክታ ስላይድን ጫና ብዙ አቅልሎታል። የወባው፣ የደሙና የሰገራው ምርመራ ግን አሁንም በአብዛኛው በማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ኃላፊ የሆናችሁ አባላት ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ስላይድ ማንበብን በአንድ ሰው ላይ አትከምሩ፤ በፈረቃ አዙሩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሁለተኛ፣ «ጀርባዬን አመመኝ» ያላችሁን ወጣት ባለሙያ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። ዛሬ ዝም ካሰኛችሁት፣ ነገ ሥልሳኛው መስክ ላይ ብዕሩን ያነሣል።

እኔ ድኛለሁ አልልም። በብርድና በሥራ ብዛት ጊዜ ሕመሙ ዛሬም ይጎበኘኛል። ነገር ግን እንግዳ ሆኖ ይመጣል እንጂ እንደ ቀድሞው የቤቱ ጌታ አይደለም። አሁንም ከመቶው መስክ አንዱን ሳላጎድል እቆጥራለሁ፤ ባቃተኝም ቀን አጠገቤ ያለውን ሰው እጠራለሁ።

 አሁን ግን ብዙ ተቀምጣችኋልና፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ተነሡ።