የደማችን ዓይነትና የምርመራው ወረቀት
(በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በመስቀል ማግስት ከመካከላችን አንድ አባት ደማቸውን ቢመረመሩ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘባቸው። «ጉበቴ አልቋል» ብለው ልጆቻቸውን ሰብስበው መናዘዝ ጀመሩ። እኛም አዝነን ልንጠይቃቸው ሄድን። ዛሬ እዚሁ ተቀምጠዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገሩ ምን እንደ ነበረ እንድንናገር ኮሚቴው አዞናል።

ደም ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ውሃ ሴረም ይባላል። በውስጡ ኢንዛይም የሚባሉ ረቂቅ ነገሮች አሉ፤ ሥራቸው በሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ ማፋጠን ነው። አንዱ አልካላይን ፎስፋቴዝ ነው። የሚመነጨው ከጉበት ብቻ ሳይሆን ከአጥንትና ከአንጀትም ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ቢል ሁልጊዜ ጉበት ታመመ ማለት አይደለም። በማደግ ላይ ባለ ልጅና መውለጃዋ በደረሰ ነፍሰ ጡር ላይም ከፍ ይላል።

የደም ዓይነት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ካርል ላንድሽታይነር የተባለው የኦስትሪያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ ገለጸ። ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢና ኦ እንላቸዋለን። ኤን ከቢ የሚለየውም ራሱ ኢንዛይም ነው፤ እያንዳንዱ በቀይ የደም ሴል ላይ የየራሱን ዓይነት ስኳር ይቀጥላል። በኦ ደም ግን ይህ ኢንዛይም አይሠራም።

ደማቸው ኦ ወይም ቢ የሆኑ ብዙ ሰዎች ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበሉ የአንጀታቸው አልካላይን ፎስፋቴዝ ወደ ደም ይገባና ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይቆያል። ኤ በሆኑት ላይ ይህ ጥቂት ነው። እኒያ አባት ደማቸው ኦ ነው። ያን ዕለት የሄዱት ቅቤ የጠጣ ክትፎ በቆጮ በልተው ነበር! ሐኪሙ ይህን ጠይቆ ተረዳና ሳይበሉ አድረው እንዲመለሱ አዘዛቸው፤ ቁጥሩም ወርዶ ተገኘ።

ይህን ስንል የሐኪም ቃል ይናቅ ማለታችን አይደለም። ሳይበሉ ተመርምረውም ካልወረደ፣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ መታከም ግድ ነው። ግን ምን እንደበላን ሳንደብቅ እንናገር፤ የደማችንንም ዓይነት እንወቅ። ደም የሚለግስ ሰው ዓይነቱን ያውቃል፤ ደም የፈሰሳትን ወላድም ያድናል።

እድራችን ድንኳን ለመትከል አይቸኩልም፤ እኛም በአንድ ወረቀት ለመናዘዝ አንቸኩል።